ከውጭ የተቆለፈ በር

ፋሂም በሩን ቀስ ብሎ ገጠመው። ጓጉንቸሩን አስገብቶ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጁ አፍኖ ተጫነው። ውስጥ ናኦድ ሙዚቃ ከፍቶ ስለነበር ባያፍነውም የሚሰማው አልነበረም። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ግቢው መውጫ ሲራመድ ከኋላው አንድ ሰው ስሙን ሊጠራው የተዘጋጀ ይመስል ማጅራቱ ተወጠረ።

ማንም አልጠራውም። የቤቱ ባለቤት አዴ መድና ጠዋት ለቅሶ ለመድረስ ወደ ቦሳ አዲስ ሄደዋል። በሌሎቹ ክፍሎች የተከራዩት የኮሌጅ ተማሪዎች ገሚሶቹ ጁምዓ ሰግደው በዚያው ወደየቤተሰቦቻቸው አቅንተዋል፤ የቀሩትም ኳስ ሊያዩ ወጥተዋል። ከጅማው መንደራ ቆጪ ሰፈር ጣሪያዎች በላይ ደመናው ጠቁሮ ወርዷል።

ነገሩ ሲነገረው ቀላል ነበር። «አዴ መድና ሴት በክፍላችሁ እንዳላይ ብለዋል» አለው ናኦድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ። «ድንገት ቢመለሱ ክፍሉ ባዶ ይምሰል። አንተ ዳቦ ልግዛ ብለህ ውጣና ከውጭ ቆልፍልኝ። ስደውልልህ ትመጣለህ፤ በቃ።»

ናኦድ ሁሉን ነገር ቀላል ማስመሰል ይችልበታል። ፋሂም ከአሰንዳቦ መጥቶ ጅማን በረገጠ ሰሞን ወባ ጥሎት ሲንቀጠቀጥ፣ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ናኦድ ሲናገር ፋሂም እሺ ማለት ለምዷል። ጓደኝነት ማለት እሱ ይመስለው ነበር።

አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ደርሶ ዳቦ ጠየቀ፤ ለምን እንደጠየቀ ግን ራሱም አላወቀም። ሐሳቡ ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ትንቢት ናት። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን ፋሂም ስታትስቲክስ ከሚያስጠናቸው ልጆች አንዷ ነች፤ ትንሽ የምታወራ፣ ያልገባትን ሳታፍር ደግማ የምትጠይቅ ልጅ። ትናንት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠብቃው ነበር።

«ናኦድ እናንተ ክፍል እናጥና አለኝ» አለችው። «አንተም ትኖራለህ አይደል?»

«አለሁ» አላት።

ያን ጊዜ እውነቱን ነበር። ዛሬ ስትመጣ ደብተሯን ከመግለጧ በፊት ዓይኗ የፈለገው እሱን ነው፤ ሲያገኘውም ትከሻዋ ሲላላ አይቷል። ከዚያ ተነሥቶ «ዳቦ ገዝቼ መጣሁ» አለና ወጣ።

ባለሱቁ ዳቦውን አቀበለው። ፋሂም ከሱቁ ታዛ ሥር ቆሞ ሰማዩን አየ። ናኦድ ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሌላም ነገር ብሎ ነበር። «ሁለት ጊዜ ሻይ ጋብዣታለሁ፤ ሁለቴም ስቃልኛለች። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ደግሞ ይኼ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ከጀመረ ማንም ምንም አይሰማም።» ፋሂም ሰምቶ ሳቀ። ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ዓመቱ ሲጀመር የኮሌጁ የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ ወይዘሮ ዙህራ አዳራሽ ሰብስበዋቸው «ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም፤ መሳቅም እሺ ማለት አይደለም» ሲሉ፣ ናኦድ ከኋላ ወንበር አንድ ነገር ሹክ ብሎ ረድፉን በሙሉ አስቆ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብሎ የሳቀው ፋሂም ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ትንቢት ናት።

አውራ ጣቱ አልታዘዘው አለ። ምን ይበላት? የት ነኝ ይበል? እያመነታ ጥሪው አበቃ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ፤ ሊያነሣ ሲል በእጁ ላይ ተቋረጠ። መልሶ ደወለ። ስልኳ ተዘግቷል።

ዳቦው ከእጁ ይውደቅ፣ የሱቁ መደርደሪያ ላይ ይተወው አላስታወሰም። ያስታወሰው ሩጫውን ነው። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ለጥቂት ሳተው። የመጀመሪያው ወፍራም ጠብታ ግንባሩን መታው፤ ከግቢው ሲደርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደበድበው ነበር።

በሩ ፊት ቆሞ ጆሮውን ደቀነ። ከጣሪያው ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። ልክ ናኦድ እንዳለው። ለአፍታ፣ ለአንዲት ርኩስ አፍታ፣ «ምናልባት ምንም የለም ይሆናል» የሚል ሐሳብ መጣለት። መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ። ያኔ እንጨቱ ከውስጥ ነዘረው። በጆሮው አልሰማውም፤ በመዳፉ ነው ያገኘው። አንድ ሰው ከወዲያ በኩል በሩን በሁለት እጁ እየደበደበ ነው።

ቁልፉ በርጥብ ጣቱ መካከል ሁለት ጊዜ ተንሸራተተበት። «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለ ከፈተው።

ትንቢት በሩ ሲከፈት በላዩ ላይ ተደግፋ ስለነበር ወደ ውጭ ልትወድቅ ነበር። የሹራቧ ትከሻ ተተርትሯል። ፋሂምን ስታየው ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከዚያ በጎኑ ሾልካ ወደ ዝናቡ ወጣች። ናኦድ ስልኳን በእጁ እንደያዘ ከአልጋው አጠገብ ቆሟል። ሙዚቃው አሁንም ይዘፍናል።

«ማን ና አለህ?» አለ ናኦድ።

«ስልኳን ስጣት።»

«አቦ እየቀለድን እኮ ነው! ምን ሆነሃል?»

«ስልኳን ስጣት አልኩህ።»

ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። ናኦድ ደረቱን ገፍትሮት ጀርባው ከመቃኑ ጋር ተጋጨ፤ ፋሂም ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ናኦድ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው።

ትንቢት ከታዛው ሥር አልተጠለለችም፤ ከግቢው መሃል ዝናቡ ላይ ቆማለች። ፋሂም ስልኩን ሲያቀብላት ጣቱን እንዳትነካ ተጠንቅቃ በጫፉ ያዘችው።

«የቆለፈው ማነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«አለሁ ብለኸኝ ነበር።»

በዚህ መሃል የግቢው በር ሲጢጥ አለና አዴ መድና ከለቅሶ እንደተመለሱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ገቡ። የተተረተረውን ሹራብ፣ ክፍት በሩን፣ ሁለቱን ወንዶች ተራ በተራ አዩ።

«ያ ረቢ! ሴት ልጅ ከወንዶች ክፍል ምን ልትሠራ መጣች? እኔ ግቢ ውስጥ!» ቁጣቸው የወረደው ልጅቷ ላይ ነበር። ትንቢት አንገቷን ደፋች።

ናኦድ ፈጠን አለ። «አዴ፣ ሳንጠራት ነው የመጣችው። ውጪ እያልናት ነው የደረሱት። ፋሂምን ይጠይቁት።»

አዴ መድና ዞር ብለው አዩት። ዝም ቢል ይበቃ ነበር። ዝምታው ብቻ ነገሩን ይጨርሰው ነበር፤ ልጅቷ በእፍረት አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፣ እነሱም ነገ ሻይ እየጠጡ ስለ ፈተና ያወራሉ። ትንቢትም እንደዚያው የጠበቀች ይመስል ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ውሸት ነው፣ አዴ» አለ ፋሂም። «ጠርተናት ነው የመጣችው። ከእሱ ጋር ከውጭ የቆለፍኩባት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ጃንጥላቸው ዘንበል ሲልና ዝናቡ ትከሻቸውን ሲያረጥበው አላወቁም። «አንተ?» አሉ በዝግታ። «ሱብሒ ሰግደህ ስትመለስ የምመርቅህ አንተ?» ሌላ አልጨመሩም። ነጠላቸውን አውልቀው ትንቢት ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። «ሜ፣ እባክሽ ነይ ልጄ። ነይ እቤት ግቢ፣ ሙቂ። ክፉ የተናገርኩሽን ይቅር በዪኝ።»

«አልገባም፣ እማማ። ወይዘሮ ዙህራ ጋ ነው የምሄደው» አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ቃሏ ግን አልተንገጫገጨም። «አሁን ካልሄድኩ ነገ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ሰው አይጠፋም።»

«እንግዲያው አብሬሽ ነኝ።»

በአንድ ጃንጥላ ተጠግተው ወጡ። ፋሂም ሊከተላቸው ሲል ናኦድ ክንዱን ያዘው። ፊቱ አሁን ገርጥቷል።

«አስበው እንጂ! በሩን የቆለፍከው አንተ ነህ። ማን ቀድሞ የሚባረር ይመስልሃል? አሰንዳቦ ገብተህ ለአባትህ ምን ልትለው ነው?» ድምፁ ዝቅ አለ። «አዝዬህ ነበር እኮ፣ ፋሂም።»

ፋሂም አባቱን አሰበ። መንገድ ዳር ባለች የልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ ዘንድሮ ይመረቃል» የሚለውን አባቱን።

«አልረሳሁትም» አለው። ክንዱን አስለቅቆ ወደ ዝናቡ ገባ።

መንገዱን ሁሉ ራቅ ብሎ ተከተላቸው። ወደ ኋላ ዞረው አላዩትም። ኮሌጁ ሲደርሱ ወይዘሮ ዙህራ ቦርሳቸውን አንግበው ሊወጡ ነበር፤ የትንቢትን ፊት አይተው ቦርሳውን መልሰው አስቀመጡ። ሴቶቹ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ፋሂም በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። ልብሱ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። ከግድግዳው ወዲያ የትንቢት ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ ባይለይም መነሣት መውደቁ ይለያል። አንዴ ረዥም ዝምታ ሆነ። በዝምታው መሃል ተነሥቶ ለመሄድ አሰበ፤ ጉልበቱም ቀጥ ብሎ ነበር። ድምፁ እንደገና ሲጀምር ተመልሶ ተቀመጠ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ዙህራ ናቸው።

«ማንም አያስገድድህም» አሉት። «የምትናገረው በአንተም ላይ ነው፤ ይኼን እወቀው። እሷ ግን አንተ ስትናገር ልስማ ብላለች።»

«እናገራለሁ» አለ።

አዴ መድና ከጥግ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ይገፋሉ። ትንቢት ከጠረጴዛው ጎን ነበረች። ፋሂም ሲገባ ተነሣች። የምትወጣ መስሎት መንገድ ለቀቀላት። እሷ ግን ወንበሯን አንሥታ አዞረችና ፊት ለፊቱ አድርጋ ተቀመጠች። ቅድም ደብተር እንደያዘች ያያት ልጅ አልመሰለችውም። ዓይኗን ከፊቱ አላነሣችም።

በጉዞው ሁሉ ያሰናዳቸው ቃላት ነበሩት። አላውቅም ነበር፣ አልመሰለኝም ነበር፣ ልክ እንደገባኝ ሮጬ መጣሁ የሚሉ። ያን ዓይን እያየ ሁሉንም ተዋቸው።

«ገና ጠዋት ሲነግረኝ» አለ ፋሂም። «ገና ጠዋት ገብቶኝ ነበር።»

የአዴ መድና መቁጠሪያ ቆመ። ውጭ ዝናቡ አልቀነሰም።

«ቀጥል» አለች ትንቢት።