የማያልቀው ልቃቂት

ሹፌሩ የተላከው ከሸማኔዋ ቤት፣ ለትርኢት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሽመና ሥራ እንዲወስድ ነበር። በሩን የከፈተችለት እናቷ ግን የመጣው እሷ የጠቀለለችውን ክር ሊወስድ መሰላት።

«ደረስክልን የኔ ልጅ! ተዘጋጅቷል» ብላ በልቃቂት እስከ አፉ የሞላ ቅርጫት አስታቀፈችው።

ሹፌሩ ቅርጫቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ዙሪያውን ቃኘ። «እማማ፣ እኔን ያሉኝ እኮ ግድግዳ የሚያህል ነገር ነው።»

«ይሄ ታዲያ አነሰህ? በአንድ እጅ እኮ ነው የተጠቀለለው! ቀልድ መሰለህ?»

ልጅቷ መወርወሪያዋን እንደያዘች ከውስጥ ክፍል ብቅ አለች። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ በሚከፈተው ትርኢት ትልቁን ግድግዳ ለእሷ ሲሰጧት የመጀመሪያዋ ነው፤ የሥራው የታችኛው ጠርዝ ግን ገና አላለቀም። ሹፌሩን ወደ በሩ ሳብ አድርጋ፣ «ነገ ጠዋት ተመለስ። ቅርጫቱን ተወው፣ እሷን ማቆያ ነው። ጠቅልላ ስትጨርስ ፈትቼ መልሼ እሰጣታለሁ» አለችው በጆሮው።

በጆሮው ያለችው መስሏት ነበር። የዕድሜዋን ግማሽ ከሽመና ዕቃ ኳኳታ ጋር ስትሟገት የኖረች ሴት ሹክ ማለትን ከየት ታመጣዋለች!

ሹፌሩ ቅርጫቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ጫማ ጫማውን እያየ ወጣ። እናቷ ሁሉንም ሰምታለች። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከታመመች ወዲህ ግራ እጇ አይታዘዛትም፤ ሐሳቧ ግን እንደ ድሮው ስል ነው። ያስቸገራት እጅን አጣምሮ መዋሉ ነበር። «አንቺ ልጅ! መስኮቱን!» «አንቺ ልጅ! ማነው ያንኳኳው?» እያለች በጠራቻት ቁጥር ልጅቷ ከሥራዋ ትነሣለች፤ ስትመለስ የጀመረችው ሐሳብ ጠፍቷል። ክር መጠቅለል ስትሰጣት ቤቱ ጸጥ አለ። የምር የሚያስፈልጋት ክር ባለቀ ጊዜ ደግሞ የተጠቀለለውን ፈትታ፣ ደባልቃ መለሰችላት። ምን አለበት፣ አለች ለራሷ። ደስ ብሏት የለ?

አሁን ሻይ ይዛ አጠገቧ ተንበረከከች። «እማዬ፣ እኔ...»

«ቡኒው ክር ላይ አንዲት ቋጠሮ አለች» አለች እናቷ። «በጥርሴ ይዤ የቋጠርኳት። አውቃታለሁ። ተመልሳ እጄ ስትገባ፣ በቃ አበቃልኝ አልኩ። እጄ ቀደመ፣ አሁን ጭንቅላቴ ተከተለ አልኩ።»

የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እያበድኩ ነው ብዬ? ሥራ ላይ ነሽ።» ሻዩን አልነካችውም። «ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ። ከበዓሉ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሊወስደኝ ነው። ላንቺ እንዳይነግርሽ ለምኜው ነው፣ እንዳትደነግጪ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች። ለስለስ አድርጋ ልታወራው አስባ ነበር፤ እናቷ እያየቻት ግን አልሆነላትም፣ እንዳለ ነገረችው።



«እኔ እኮ» አለ ወንድሟ፣ «እማዬ ስሜን የምትረሳው መቼ ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት። ስጪኝ እስቲ እሷን።»

እናቷ ስልኩን ተቀበለች። «አዎ የኔ አባት፣ ደህና ነኝ... ሰማሁ... አትቆጣት። ሥራ በዝቶባት ነው።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ያን ቀን እናቷ አልጠራቻትም። መስኮቱ በነፋስ ሲንገጫገጭ እንኳ ራሷ ተነሥታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሄዳ ዘጋችው። ልጅቷ ስትመኘው በከረመችው ጸጥታ ውስጥ ድሩ ፊት ተቀመጠች፤ መወርወሪያው ግን ከእጇ አልወጣ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ሲመጣ ጠርዙ እንደነበረ ነበር፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ትልቁ ግድግዳ ለሌላ ሰው ተሰጠ።