የእማዬ ግራ ጉንጭ

ታናሽ ወንድሜ ሰው የጣለውን ሰሃን እየለቀመ የሰው ፊት ይሠራል። ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ፤ ፒንሳና ሙጫ ብቻ። ጎረቤቱ «ስብርባሪ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ሲጠሩትም አቤት ይላል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝና አፌ አያርፍም፤ ስባሪ እግሬን በቆረጠኝ ቁጥር ቤቱን በጩኸት አናጋዋለሁ። እጁ ግን እጅ ነው፣ አልዋሽም። የስኒ ጆሮ የሽማግሌ ቅንድብ ሲሆን አይቼ አፌን ይዣለሁ።

ባለፈው ወር የእማዬን ፊት እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ደሜ ፈላ።

እማዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆቴል ሰሃን አጥባለች። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የጋለ ዘይት ግራ ጉንጯን ከጆሮዋ እስከ ከንፈሯ አቃጠላት። ፋሻው ተፈትቶ ቤት የገባች ቀን ልትስመኝ ጎንበስ ስትል፣ ጮኼ አልጋ ስር ገባሁ። ለምና ለምና ሲያቅታት ተወችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስትቀመጥ ግራዋን ወደ ግድግዳ አድርጋ ነው። ፎቶ እንኳ አንድም የላትም። ወንድሜ ያኔ አልተወለደም፤ ይህን የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን። አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም፤ እኔን ግን ሆዴን ሲበላኝ ኖሯል።

ስለዚህ ተዋት፣ አታስቸግራት ብዬ ለመንኩት። ለካስ ቀድሞ ጠይቋት እሺ ብላዋለች፤ እኔን ካልመሰለ ግን በገዛ እጄ እሰብረዋለሁ ብላ። ይባስ ብላ ከአልጋዋ ስር አንድ ጆንያ ጎትታ አወጣችለት። በእነዚያ ዓመታት ከእጇ አምልጠው የተሰበሩ የሆቴል ሰሃኖች ናቸው፤ መጣሉ አሳዝኗት ያጠራቀመቻቸው። ነገሩ እንደማይቀር ሳይ፣ እንግዲያው ጠባሳውን አሳንሰው ብዬ ወተወትኩት። አላስቀምጠው ስል እሺ አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፊቱን ወረቀት ላይ ይሥልና ስባሪዎቹን የሚታየውን ገጻቸውን ወደ ታች ደፍቶ በሥዕሉ ላይ ይለጥፋቸዋል። ከጀርባ ሲሚንቶ ያፈስበታል። ሲደርቅ ይገለብጠውና ወረቀቱን በውሃ አርሶ ይልጠዋል። የተደፋ ነገር ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ለዚህ ሲል ሥዕሉን ከመጀመሪያው አዙሮ ነው የሚሥለው። ለማንም ሲሠራ ስቶ አያውቅም። የሌላውን ሰው ከፎቶ እያየ፣ እየለካ ነው የሚሠራው። የእናቱን ፊት ግን በቃሉ ያውቀዋል፤ ቁጭ ብሎ እንደሚያውቃት ሣላት።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ስንልጥ አብሬው ነበርኩ። ግንባሯ ወጣ፣ ዓይኗ ወጣ፤ ቁርጥ እሷን። ጠባሳውን የሠራው ከሰሃኖቹ መቀመጫ፣ ካልተወለወለው ሻካራ ቦታ ነው። እሱም ወጣ፤ በቀኝ ጉንጯ። ወንድሜ ስፖንጁን ጥሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ምስሉን በብርድ ልብስ ልሸፍነው ስሯሯጥ እማዬ ከጓሮ ገባች።

ቀረብ ብላ አየችው። ወንድሜ ይርበተበት ጀመር፤ ግራና ቀኙ ተምታቶብኛል፣ አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ አላት።

«የቱ ነው የተምታታው?» አለችው። «ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወት ውስጥ የማገኛት እኮ ይቺው ናት። እናንተ የምታዩዋትን እኔ አይቻት አላውቅ።»

እኔ አልጋ ስር የገባሁለትን ጉንጭ እሷ በየማለዳው ፊት ለፊት ስታየው ኖራለች።

ከዚያ ጠባሳውን በጣቷ ተከተለችው፤ ጣቷ መሃል ጉንጭ ላይ ቆመ። «ይሄንን ግን ምን ነክቶህ ነው ያሳነስከው? የኔ እስከ ከንፈሬ ይደርስ የለ?»

ወንድሜ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አላጋለጠኝም።

«እኔ ነኝ ያስቀነስኩት» አልኳት። «ያኔም አልጋ ስር...»

«ልጅ ነበርሽ» አለች። ጆንያው ውስጥ ፈለግ ፈለግ አድርጋ አንድ ስባሪ አነሳችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «በይ፣ የጎደለውን አንቺው ሙዪው።»

ወንድሜ በመሮ ከምስሉ ጉንጭ እስከ ከንፈሩ ድረስ ፈልፍሎ ቦታ አበጀልኝ። ስባሪውን ሳስገባ ሙጫው ጣቴ ላይ ቀረ። እማዬ ቀስ በይ እያለችኝ በርጩማ ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ግራ ጉንጯ ወደ እኔ ነበር።