ለሚካኤል ማንም አይጠራም

ቢሰርካ የአዲሱ ቤቷን ቁልፍ ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። ሌላ ሴት ብትሆን በደስታ ትዘል ነበር። እሷ ግን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሸሽጋው ትውልና ማታ እኛ ቤት ተመልሳ ትተኛለች።

እኛ ቤት የምለው ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበትን ቫልዬቮ ከተማ ያለውን ቤት ነው። መጀመሪያ የሚሸሸጉበት ቤት ሌላ ነው፤ እዚያ በሩን የሚከፍተው ጠባቂ ነው። እኛ ዘንድ ሲመጡ ግን ለእያንዳንዷ የራሷ ክፍልና የራሷ ቁልፍ ይሰጣታል። ሥራ ትይዛለች፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ታስገባለች፣ ከፍርድ ቤት ጣጣ ትገላገላለች፣ ከዚያ የራሷን ቤት ይዛ ትወጣለች። እኔ ቪዶሳቫ የቤቱ ኃላፊ ነኝ። ሴቶቹ እትዬ ቪዳ ይሉኛል፤ ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፣ አልክድም። በተለይ "ለምን ቀድማ አልወጣችም?" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አፌን መያዝ አልችልም። ይኸው ቢሰርካ ወጥታለች። ባሏ ሉቢሻ አጠገቧ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት አግዶላታል። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አላት። ቤትም ተገኝቶላታል። የቀራት እዚያ ቤት ገብቶ ማደር ብቻ ነበር፤ እሱ አቃታት።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት አንድ ቀን አብረን ድንች እየላጥን።

"ምንም።"

"ምንም የሚባል በሽታ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገባሽ ቤቱን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። ያን ጊዜ የት ልትሄጂ ነው?"

የት እንደምትሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ሉቢሻ መደወል ስለተከለከለ እናቱ አፍ ሆናለታለች። ስልኩን አታንሺ ስላት "የልጆቼ አያት ናት እኮ" ትለኛለች። አሮጊቷ አትሳደብም፤ ብትሳደብ በስንት ጣዕሙ። "ልጄ፣ ኒኮላ እየደረሰ ነው፣ እንግዳውን ማን ሊቀበል ነው? ቤትሽ ግቢ እንጂ" ነው የምትላት፣ በለሆሳስ።

እኛ ሰርቦች ዘንድ ቤት ሁሉ የራሱ ስላቫ አለው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወረስ የአንድ ቅዱስ ዝክር ነው። ሴት ስታገባ የአባቷን ትታ የባሏን ትይዛለች። የሉቢሻ ቤት የሚዘክረው ኒኮላን ነው። በዚያ ቀን ሚስት የጠፋችበት ቤት የሰፈር መነጋገሪያ ይሆናል። አሮጊቷ የት ቦታ እንደሚያም አሳምራ ታውቃለች።

ቢሰርካ አንዱን ድንች ልጣ ልጣ ሊያልቅባት ሲል ቀና አለች። "እትዬ ቪዳ፣ ሉቢሻ ሁልጊዜ ምን ይለኝ እንደነበር ልንገርሽ? ያለ እኔ ስም በርሽን የሚያንኳኳልሽ ሰው የለም ይለኝ ነበር። አዲሱ ቤት ስገባ ጭር ይላል። ቁጭ ብዬ በሩን አየዋለሁ። የሚያንኳኳው እሱ ከሆነ አለቀልኝ። ማንም ካላንኳኳ ደግሞ እሱ ያለው ሆነ ማለት ነው።"

አንጀቴን በላችው። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

"የአባትሽ ስላቫ ማን ነበር?"

"ሚካኤል። ግን አባቴ ወንድ ልጅ አልወለደም። እሱ ሲሞት ሻማው ጠፋ።"

ወራሽ ያጣ ስላቫ ሲቋረጥ እንደዚያ ነው የሚባለው። እኔ ግን ቱግ አልኩ። "ማን አጠፋው? አንቺ አለሽ አይደል? ሻማ እንደሆነ ገበያው ሙሉ ነው። ሚካኤል የፊታችን ሳምንት ነው፤ እዚያው ቤትሽ ትደግሻለሽ።"

"ማን ሊመጣ?"

እውነቷን ነው። ለስላቫ ሰው አይጠራም፤ መጥራት ነውር ነው። ቀኑን የሚያውቅ በራሱ ይመጣል፣ የመጣ ይበላል፣ አባወራው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። የቢሰርካን ቤት ደግሞ ማንም እንዳያውቀው ስንለፋ የከረምነው እኛው ነን። ልጆቿ ታሻና ኔቬና ስማቸውንና ሰፈራቸውን ለሰው እንዳይናገሩ እንደ ጸሎት አጥንተዋል። መጥራት ነውር፣ አድራሻው ምስጢር። እንግዲህ እንግዳው ከሰማይ ይውረድ?

"እኛ እንመጣለን" አልኳት። ድምፄ ኮስተር ያለ ነበር።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ዝላታን አስከትዬ ሄድኩ። ዝላታ እንደ ቢሰርካ ከዱላ አምልጣ እኛ ቤት የገባች ፀጉር ሠሪ ናት፤ አፏ አይዘጋም፣ ለእንደዚህ ያለ ቀን ትጠቅማለች ብዬ ነው። ቢሰርካ ሳይነጋ ከልጆቿ ጋር ቀድማን መጥታ ስትሠራ ነው ያገኘናት። ስጋ የተጠቀለለበት ጎመን ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል፣ የአሳማው ጥብስ ምድጃ ውስጥ ነው፣ የዝክሩ ዳቦ በሊጥ አበባ አጊጦ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል። ታሻ ያመጣችው ረጅም የሰም ሻማም አለ። ደስ አለኝ። አንድ ድስት ግን አጠራጠረኝና ክዳኑን ከፈትኩ። በስኳርና በለውዝ የታሸ የስንዴ ንፍሮ ነው።

"ቢሰርካ! ለሚካኤል ንፍሮ?" ብዬ ጮህኩ። "ንፍሮ የሚቀቀለው ለሞተ ቅዱስ ነው። ሚካኤል መልአክ ነው፣ መች ሞተና! በቁሙ ልትቀብሪው ነው እንዴ?"

ዝላታ ከት ብላ ሳቀች። ቢሰርካ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

"ለኒኮላ በየዓመቱ እቀቅል ስለነበር እጄ ለምዶ ነው" አለች። "አየሽ፣ የአባቴን ወግ እንኳ ረስቼዋለሁ። ሁሉ ነገሬ የእነሱ ሆኗል። እኔ የራሴ ቤት ኖሮኝ ምን ልሠራበት ነው?" ይህን ብላ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። የፈራሁት ሽርጡን አይደለም። ከሽርጡ ቀጥሎ ኮቷን ነው የምታነሳው፣ ከኮቱ ቀጥሎ የኒኮላ ዕለት ሉቢሻ ቤት እንግዳ ስትቀበል ታየችኝ።

ይህቺ ምላሴ ብትቆረጥ ምን ነበረበት! ድስቱን አንስቼ ልጆቹ ፊት አስቀመጥኩና ማንኪያ ሰጠኋቸው። "ሻማው እስኪበራ ድረስ ንፍሮ ቁርስ ነው። ብሉልኝ፣ እንዳታተርፉ!" ልጆቹ ሁለተኛ አላስባሉኝም። ዝላታም ማንኪያ ፈልጋ ተቀላቀለቻቸው። ቢሰርካ ትንሽ ቆማ አየቻቸውና ሽርጧን መልሳ አሰረች።

ሻማውን ራሷ ለኮሰችና አማተበች። ቀጥሎ የዳቦው ነገር መጣ። ዳቦውን አባወራውና አንድ እንግዳ በጋራ ይዘው ያዞሩታል፣ ወይን ያፈሱበታል፣ ከዚያ ይቆርሱታል። "ነይ፣ እኔ ልያዝልሽ" አለች ዝላታ።

"አንቺ እኮ እንግዳ አይደለሽም" አለቻት ቢሰርካ። "አንቺ እኔው ራሴ ነሽ።"

ስለዚህ ዳቦውን ትተን መጠበቅ ጀመርን። በዚህ ቀን በር ክፍት ነው የሚውለው፤ የቢሰርካ በር ግን በቁልፍም በሰንሰለትም ተዘግቷል። ክፈቺው አላልኳትም፣ እንዴት እላታለሁ? ዝላታ ያወቀችውን ሁሉ አወራች፣ ወሬዋ አለቀ። ጎመኑ እየደጋገመ ተሞቀ። ቢሰርካ በሩን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ከበሩ ወዲያ አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠረገ።

ኔቬና ማንኪያዋን እንደያዘች ጠረጴዛው ስር ገባች። ማንም ግቢ አላላትም፤ የለመደችው ነው። ዝላታ ታሻን እቅፍ አደረገቻት። እኔ ለፖሊስ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ተነስታ ወደ በሩ የሄደችው ቢሰርካ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ በበሩ ትንሽ ቀዳዳ አየች።

"ማነው?"

"ያልተጠራ ነዋ!" አለ የሽማግሌ ድምፅ። "ዛሬ ደግሞ ተጠርቶ የሚመጣ አለ እንዴ?"

ታሻ ከዝላታ እቅፍ ውስጥ አንገቷን አወጣች። "እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሻማውን ይዤ ደረጃ ስወጣ እኚህ ሰውዬ ለማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ስማችንን አልነገርኳቸውም! የሚካኤልን ስም ብቻ ነው የነገርኳቸው።"

ቢሰርካ ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ሰንሰለቱን አወረደች።

ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ስሬተን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። የክት ባርኔጣቸውን አድርገው ወይን በብብታቸው ይዘዋል። "ይሄ ጎመን ከጠዋት ጀምሮ አላስቀምጥ አለኝ" እያሉ ገቡና ወዲያ ወዲህ አዩ። "እንኳን አደረሳችሁ! አባወራው የታለ? መጀመሪያ እሱን ነው እንኳን አደረሰህ የምለው።"

ሽማግሌውን ልናገራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ቢሰርካ ቀደመችኝ።

"አባወራው እኔ ነኝ" አለች።

ጋሽ ስሬተን እሷን አዩ። ሻማውን አዩ። ከጠረጴዛው ስር እየዳኸች የምትወጣውን ኔቬናን አዩ። ገብቷቸው ይሆናል፣ ላይገባቸውም ይችላል፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ዳቦውን ያዢዋ!"

ዳቦውን በአራት እጅ አዞሩት፣ ወይኑን አፈሰሱ፣ ቆረሱት። ጋሽ ስሬተን ድርሻቸውን አፋቸው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ የኔቬና አገጭ ላይ የተለጠፈ ስንዴ አዩና ቆም አሉ። "ንፍሮ ነው? ለሚካኤል? ኧረ ሰዎች፣ ምን በደላችሁ?"

ቢሰርካ ሳቀች። እኛ ቤት ስትኖር ፈገግ ስትል አይቻለሁ፤ እንደዚህ ጠረጴዛ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ስትስቅ ግን አላየሁም። ሽማግሌው ሊያስቁ ብለው እንዳልተናገሩ ሲገባት ባሰባት። እሳቸው ግን ግድም አልሰጣቸው፣ በሩ ላይ ቆመው ወደ ታች ተጣሩ። "ሚሌቫ! ኧረ ነይ ውጪ፣ እላይ ቤት ሰው ገብቷል! ወንበርም ያዢ!"

ሚሌቫ ሚስታቸው ናት። ወንበርም፣ ኬክም፣ ከጎን ያለችውን ጎረቤትም ይዛ መጣች። ጎረቤቷ ደግሞ እህቷን አስከተለች። ሰሐን አነሰን፣ ከየቤቱ መጣ። በሩን የሚዘጋው ሰው ጠፋ፣ የሚገባው ስለማይቋረጥ። በስላቫ ቀን አባወራ አይቀመጥም፤ ቢሰርካም አልተቀመጠችም። አንዷ "ከየት መጣሽ?" ስትላት "ከቅርብ" ብላ ጥብስ ጨመረችላት። ሴትየዋም ጥብሱን በላች እንጂ አልጨቀጨቀቻትም።

ስልኳ የጮኸው በዚህ መሀል ነው። የአሮጊቷን ስም አየሁ፤ ተንደርድሬ ልነጥቃት ነበር፣ በመሀላችን ሰው ሞልቷል። ቢሰርካ አነሳችው። አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና አዳመጠች። አሮጊቷ ስለ ኒኮላ እንደምታወራ አልተጠራጠርኩም፤ ሌላ ወሬ የላት።

"እማማ" አለች ቢሰርካ፣ ድምፅዋን ከጫጫታው በላይ ከፍ አድርጋ። "አሁን አይመቸኝም። እንግዳ አለብኝ።"

ስልኩን ዘጋችና ለጋሽ ስሬተን ጎመን ልትጨምርላቸው ሄደች።

ሲመሽ ኮታችንን ስንለብስ እሷ ሰሐን ታጥብ ነበር። ነይ እንሂድ አላልኳት፣ እሷም ጠብቁኝ አላለችም። ወደ ቤታችን የተመለስነው እኔና ዝላታ ብቻ ነን። መንገድ ላይ እንባዬ ሲወርድ ዝላታ አየችኝ፤ ብርዱ ነው አልኳት።