የጠዋቱ ሰላምታ

ጠዋት ጠዋት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ያጠፋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ ቢሆንም ግድ የለውም፣ ያጠፋል። የሰፈሩ ሰው ነገሩን ስለሚያውቅ ዓይኑን ከመስታወቱ አሽሽቶ ይጠብቃል። የማያውቅ እንግዳ ከሆነ ደግሞ "መብራት ሄደ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ከተሰቀለው ስፒከር፣ የሞተው ልጁ ይናገራል።

"ደህና አደራችሁ ተማሪዎች። ፊታችሁን ሳትታጠቡ የመጣችሁ፣ ቧንቧው ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነው፤ ማንም አላያችሁም፣ ሂዱ።"

ይኸው ነው። ልጁ በሕይወት ሳለ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነበር፤ ፕሮግራም የሚከፍተውም እሱ ነበር። እንቅልፋም ስለነበረ፣ ማርፈዱ እንዳይታወቅበት ብሎ አንድ ቀን ሰላምታውን ቀርፆ ለጓደኞቹ ሰጣቸው። እሱ አልጋ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ ድምፁ ሌላውን ፊት ታጠቡ እያለ ይገስጽ ነበር። አባትየው ይህን ሲሰማ ተቆጥቶ ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፎታል፤ አሁን ያንን ብርድ ልብስ ያስበዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከኳስ ጨዋታ በኋላ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተማሪዎች በሩ ላይ ተደባደቡ። ልጁ የላይ ሰፈር ነበር፤ ሲወጣ ድንጋይ አገኘው። ድንጋዩ ከማን እጅ እንደወጣ የሚያውቅ የለም፣ ካለም አፉን ዘግቷል። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ። የሰላም ክበብ ተቋቋመ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ግድግዳው ላይ እርግብ ተሳለች። እርግቧ ዶሮ ነው የምትመስለው፤ ግን ለማን ይነገራል? ተማሪዎቹ ደግሞ ለመታሰቢያ ብለው ያቺ የተቀረፀች ሰላምታ በየጠዋቱ እንድትከፈት ወሰኑ። አባትየውን ከዚያ ሁሉ ሽርጉድ ውስጥ የጠቀመችው እሷ ብቻ ነች። ቀኑን የሚገፋው በእሷ ነበር።

ሚስቱ ግን አትሰማም። ሰላምታው ሳይጀምር በጓሮ በር ወጥታ፣ ዞራ ዞራ ነው ሥራዋ የምትሄደው።

አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ወደ ሱቁ መጣች። ደንበኛው እስኪወጣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ ጠበቀች።

"ጋሼ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም" አለች በመጨረሻ። "ድምፁ በተሰማ ቁጥር የላይ ሰፈር ልጆች ደማቸው ይፈላል። ጠዋት ይሰሙታል፣ ከዚያ የታች ሰፈሩን ልጅ በትከሻ መግጨት፣ ደብተሩን መቅደድ ነው። መቅረት የጀመሩ ልጆች አሉን። ፈተና እየደረሰ ነው።"

"ልጄ ምን አለ? ፊታችሁን ታጠቡ ነው ያለው።"

"አውቃለሁ። እነሱ የሚሰሙት ግን ሌላ ነው። አጥፉት ስንላቸው ደግሞ አባቱ ካላለ ማንም አይነካውም አሉን። እርስዎ ይፍቀዱልን ብዬ ነው የመጣሁት።"

ፀጉር አስተካካዩ መጥረጊያውን አንስቶ የጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገ። የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሞት የልጅህን ድምፅ ስጠን ስትባል ምን ትላለህ? እንቢ ይባላል? ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ሳህኑን ማጠቧን አላቆመችም።

"ስጣቸው" አለችው። "እኔ እንደሆን ከተውኩት ቆየሁ።"

በማግስቱ እሺ አለ። ምክትሏ እጁን ይዛ አመሰገነችው፤ የተቀረፀውን በፍላሽ አድርጋ ሰጠችው፤ ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙን የሚከፍት የታች ሰፈር ልጅ ቢሆንስ? ለሰላሙ ጥሩ ምልክት ይሆን ነበር። ምልክት የሚወድ ሰው ምልክት አያጣም። አባትየውም ደክሞት ስለነበር ደግ ነው አለ።

የታች ሰፈሩን ልጅ አርብ ዕለት ይዛው መጣች። ቀጮ ይሉታል፤ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ይዋኛል። ምክትሏ ስልክ ልታነሳ ወጣ ስትል ልጁ ወለሉን እያየ ተናገረ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የልጅዎን ሰላምታ ልበለው? በራሴ ድምፅ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው። እንዲቀር አልፈልግም።"

እዚህ ላይ እንቢ ማለት ነበረበት። ሆዱ ነግሮታል። ለሰላም ብሎ የሰጠውን በጓሮ መልሶ መውሰድ መሆኑን አልሳተውም። ግን ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አጥፍቶ ምንም ላይሰማ ነው፤ ያ ሰኞ ከትናንት ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦበት ነበር።

"እስቲ በለው" አለ።

ልጁ በተቆረጠ ፀጉር መሃል ቆሞ ሰላምታውን አለው። ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሂዱ የምትለዋን ፈጠን አድርጋት" አለ ሳይዞር። "ሳቁ እንዳያመልጠው ቶሎ ነበር የሚላት።"

ልጁ ደገመው። አሁን ልክ መጣ።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን በረኛ መጣ። በረኛው የሟቹ የአንድ ወንበር ጓደኛ ነበር፤ ትልልቅ እጆች ያሉት፣ ለቡድኑ ጎል የሚጠብቅ፣ የላይ ሰፈር ልጆች ሲሄድ የሚከተሉት። ከቀብሩ ወዲህ ፀጉሩ ባያድግም በየቅዳሜው ይመጣል። ስለ ጓደኛው አያወራም፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ፀጉር አስተካካዩ ሊነግረው አሰበ። "ሰኞ አዲስ ልጅ ነው የሚከፍተው፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩት" ማለት ነው፤ ምን አላት? አንገቱን ሲላጨው አሰበ፣ በፎጣ ሲጠርገው አሰበ። ለላይ ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤቱ ይነግራቸዋል ብሎ ተወው። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው። የልጁ ጓደኛ በመስታወት ውስጥ ቀና ብሎ እንዳያየው ፈራ።

ትምህርት ቤቱም አልነገራቸውም። እሱ ደግሞ አባትየው የነገራቸው መስሎት ነበር።

ሰኞ ማሽኑን አጠፋ። ስፒከሩ ተንኮሻኮሸና የቀጮ ድምፅ ወጣ። ደህና አደራችሁ አለ፣ ስለ ፊት መታጠቡ አለ፣ ቧንቧውን አለ፣ ሂዱ የምትለዋንም ፈጠን አድርጎ አላት። ፀጉር አስተካካዩን ደስ አለው። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ ደስ አለው። ወንበሩ ላይ የነበረውን ሽማግሌ "ጎበዝ ልጅ ነው" ሲል ሰማው፤ እሱም "በጣም" አለ።

በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ተሰማ። የእረፍት ጩኸት ሁልጊዜም አለ፤ አልወጣም። ቆይቶ አንድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ቁልቁል በረረ። ከዚያ በረኛው ገባ። ሸሚዙ ተቀዷል፤ ፊቱ ላይ ግን ኩራት የሚመስል ነገር ነበር።

"ጋሼ፣ ዝም አላልንም" አለ።

"ምኑን?"

"የታች ሰፈሩን ልጅ ነዋ። አልሰሙትም እንዴ? የእሱን ድምፅ አጥፍተው ያንን አቆሙት። እሱ ደግሞ አሾፈበት። እንደሱ አድርጎ፤ ሂዱ የምትለዋን ሳይቀር እንደሱ አድርጎ። በሞተ ሰው ይቀለዳል?"

"ምን አደረጋችሁት?"

በረኛው እጆቹን አያቸው። ኩራቱ ከፊቱ ላይ መሄድ ጀመረ።

"አልነሳ አለ።"

ፀጉር አስተካካዩ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ።

"እኔ ነኝ በል ያልኩት" አለ። "ሂዱ የምትለዋንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እዚሁ፣ አርብ ዕለት።"

በረኛው ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ቅዳሜ እዚህ ነበርኩኮ" አለ።

"አዎ።"

"ምንም አላሉኝም።"

"አላልኩህም።"

ምክትሏ በሩ ላይ ደረሰች፤ ከኋላዋ ሁለት ፖሊሶች አሉ። ፀጉር አስተካካዩን አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ሆስፒታል ሳይደርስ ነው ያረፈው" አለች። አንዱ ፖሊስ በረኛውን ክንዱን ይዞ አስነሳው። አልታገለም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ እንደ ሕፃን ልጅ አየው።

"ጋሼ፣ እንዳላወቅን ይነግሩልናል አይደል?"

"እነግርላችኋለሁ" አለ።

ወሰዱት። ምክትሏም አብራ ሄደች። ሱቁ ባዶ ሆነ፤ ማሽኑ እንደጠፋ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከታች በኩል አንድ ቀጭን ሰው በሥራ ልብሱ ዳገቱን እየሮጠ ወጣና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩ ላይ ቆመ። አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ይዋኛል።

"ወንድሜ" አለ፣ "ልጄ ተጎድቷል ብለው ደውለውልኝ ነበር። ወዴት እንደወሰዱት ሰምተሃል?"

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ወደሱ አዞረለት።

"ግባ" አለው። "ተቀመጥ፣ እኔ እነግርሃለሁ።"