የሚያንኳኳው ቁጥር

«ይኼ የጄኔሬተር ጠባቂ ደጅ ይቆየን፤ እኛ ገብተን እንነጋገር» ያሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም.፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ በገዛ በራቸው ላይ ቆመው። አንዳርጋቸው ለወንድሙ ልጅ ለኪሩቤል ሚስት ሊጠይቅ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄዶ ነበር። የለበሰው ጋቢ የውሰት አልነበረም፤ የራሱ ነው፣ ያውም የታጠበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና ገቡ። እሱ ከውሻው ቤት አጠገብ ቆሞ ከውስጥ የሚመጣውን ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ሲሰማ ቆየ። በሁለተኛው ቀጠሮ በእሱ ቦታ አንድ የፊዚክስ መምህር ተተካ። የአቶ ሀብተ ሥላሴ ልጅ ርሆቦትም ለኪሩቤል ተዳረች። በሠርጉ ቀን አንዳርጋቸው ከድንኳኑ ጫፍ፣ ከድምፅ ማጉያው ኋላ ተቀምጦ በላ። ይቅርታ ያለው ሰው የለም። የወንድሙ ልጅም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ አለፈው።

ዛሬ ጠዋት ያ ቃል እንደ አዲስ ጆሮው ውስጥ የጮኸው ስክሪኑ ላይ ባየው ቁጥር የተነሣ ነው።

የሚሠራው ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የቀለምና የቆርቆሮ መደብር በላይ ባለ ቢሮ ነው። ቢሮው የሆቴሎችን፣ የትምህርት ቤቶችንና የክሊኒኮችን ድረ ገጽ በሰርቨሮቹ ላይ ያኖራል። አንዳርጋቸው እዚያ የተቀጠረው እውነትም ለጄኔሬተሩ ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ሲጎድልባት ኃላፊዋ ሀኒ አንድ ሥራ አስተማረችው፣ ያቺን ብቻ። ጠዋት ጠዋት ሌሊቱን ሰርቨሮቹ ውስጥ ለመግባት የሞከሩትን የአይፒ አድራሻዎች ያያል። አድራሻው እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ የሚያንኳኳው ከየት እንደሆነ ይናገራል። የይለፍ ቃሉን ረስቶ ሁለት ሦስቴ የሚሳሳት ሰው ነው። ትንፋሽ ሳይወስድ ሲሞክር የሚያድረው ግን ሰው አይደለም፤ በር እንዲሰብር የተላከ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን አንዳርጋቸው ከነሰዓቱ ለይቶ ያወጣል። ሀኒ ደግሞ ከቀትር በፊት ለኢንተርኔት መሥመር አቅራቢዎች፣ እንዲሁም አጥቂዎች ለሚመዘገቡበት የውጭ ድረ ገጽ ትልከዋለች። ከዚያ በኋላ የባለ አድራሻው መሥመር ይቆረጣል። ተጣርቶ እስኪመለስ ሳምንትም ይፈጃል፣ ከሳምንት በላይም።

የውጭ አገሩን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ያወጣዋል። ለአገር ውስጡ ግን ሀኒ ሕግ አላት።

«መጀመሪያ ይደወልለት ጋሼ» ትላለች። «ብዙው ጓዳው ሌባ እንደተቀመጠ የማያውቅ ነው። ነግረነው እምቢ ካለ ያን ጊዜ ይላካል።»

የዛሬው ቁጥር የአገር ውስጥ ነበር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከመም፤ ባለ ቁጥሩ የቢሮው ደንበኛ ነው፣ ገጹን ሊያስተካክል በገባ ቁጥር ስሙ ከአድራሻው ጎን ይቀመጣል። የሐይቅ ዳሩ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። የአቶ ሀብተ ሥላሴ ላቦራቶሪ የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ሲያንኳኳ አድሯል። አሁንም እያንኳኳ ነው።

አንዳርጋቸው ከወንበሩ ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄደ። ተመልሶ ተቀመጠ። ቁጥሩ በስክሪኑ ግርጌ ሌላ መሥመር ጨመረ፤ ደግሞ ሌላ።

«የአገር ውስጥ አለ ዛሬ?» አለች ሀኒ፣ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል።

«አለ፣ አንድ።»

«ደወሉለት?»

«አያነሣም» አለ። አልደወለም ነበር።

«እንግዲህ እስከ ስድስት ሰዓት ይሞክሩት። እምቢ ካለ ከሌላው ጋር አብሬ እልከዋለሁ።»

ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ላቦራቶሪው የምርመራ ውጤት ለዘጌና ለመራዊ ክሊኒኮች የሚልከው በመሥመር ነው፤ መሥመሩ ከተቆረጠ በሩን ዘጋ ማለት ነው። አንዳርጋቸው በሐሳቡ አቶ ሀብተ ሥላሴን በመሥመር አቅራቢው ቢሮ ሰልፍ ላይ አቆማቸው። አንድ ጎረምሳ «አባት፣ ደጅ ይጠብቁ» ሲላቸው ሰማ። ደስ አለው። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ሰውየው ማን እንዳስቆማቸው አያውቁም። መብራት ነው፣ ኔትወርክ ነው፣ የዘመኑ ነገር ነው ብለው ይረሱታል። እሱ ደጅ ሲቆም ግን ማን እንዳቆመው ያውቅ ነበር።

ጃኬቱን አነሣ።

«ደርሼ ልምጣ።»

«ወዴት?»

«እዚሁ ነው። በአካል ልንገራቸው።»

ባጃጁ ውስጥ ጉልበቱ አልረጋ አለው። ሾፌሩ በመስታወት አየውና «ምነው ጋሼ፣ ሽንት ቤት ልቁምልዎት?» አለ። አንዳርጋቸው ይህንንም በልቡ መዘገበው። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ የእንቦጭ አረሙ ከዳር እስከ ጀልባዎቹ ማሰሪያ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ከዘንባባዎቹ ማዶ የላቦራቶሪው ሰማያዊ በር ክፍት ነው። አግዳሚው ላይ ሰዎች ክንዳቸውን በጥጥ ይዘው ተቀምጠዋል።

ርሆቦት ከእንግዳ መቀበያው መስኮት ኋላ ብድግ አለች።

«ጋሽ አንዳርጋቸው፣ ምነው በደኅና? ኪሩቤል የለም፤ ናሙና ሊያመጣ መራዊ ሄዷል።»

«እሱን ፈልጌ አይደለም። አባትሽ አሉ?»

«አሉ። ይቀመጡ እንጂ።»

«እቆማለሁ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ መጡ። ሸምግለዋል፤ ትከሻቸው ወርዷል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«እህ፣ የኪሩቤል አጎት። ደም ልትሰጥ ነው? ለዘመድ ቅናሽ አለን።»

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ፈገግ አለች።

«ደም አይደለም» አለ አንዳርጋቸው። «ከዚህ ቤት አንድ ማሽን የሰው ሰርቨር ሲሰብር አድሯል። አሁንም አልተወም። ካልቆመ መሥመርዎ ይቆረጣል።»

«ሲሰብር? እኔን ሌባ ልትለኝ ነው ከፋሲሎ ድረስ የመጣኸው?»

«እርስዎን አላልሁም። ቤትዎ የገባ አለ ነው ያልሁት።»

«በየት በኩል ይገባል? ና፣ ና ላሳይህ።»

በኮሪደሩ አልፈው አንድ የብረት ቁም ሳጥን ፊት አቆሙት። በሩ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከላይ በተበሳ ቀዳዳ ሁለት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ አንዱ የመብራት፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ወዳለው የኢንተርኔት ራውተር የሚሄድ።

«የካሜራዎቹ መቅጃ እዚህ ውስጥ ነው» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። ከጋውናቸው ሥር ማተባቸውን ሳብ አደረጉ፤ ከመስቀሉ ጎን ቁልፍ ታስሯል። «ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም። ስተኛም አላወልቀውም። አሁን ሌባው የት ገባ በለኝ።»

«የይለፍ ቃሉስ? ሲገጠም የተሰጠው?»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ እያለ እሱ ምን ያደርግልኛል?»

ርሆቦት ተከትላቸው መጥታ ነበር። «ፋብሪካው እንደሰጠው ነው ያለው» አለች። «ኪሩቤል እንቀይረው ቢላቸው እምቢ አሉ።»

«ለአንድ ሳጥን ሁለት ቁልፍ ምን ያደርጋል?» አሉ አባቷ።

«ሌባው በበሩ አልመጣም» አለ አንዳርጋቸው፤ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «በሽቦው ነው የገባ። ያ ቃል ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። አሁን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ በእርስዎ ስም የሰው በር ያንኳኳል።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ሲያስቃቸው እንደሚስቁት ነበር።

«ይኼን ሁሉ ጄኔሬተሩ ነው ያስተማረህ?»

የአንዳርጋቸው ጆሮዎች ጋሉ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ሀኒ ናት።

«ጋሼ፣ ልልክ ነው። የአገር ውስጡ ምን አለ?»

አሁን «ላኪው» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ነግሯል፤ እምቢ ተብሏል፤ ሕጉም ይኸው ነው። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። አቶ ሀብተ ሥላሴ ጓጉንቸሩን በጣታቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ ይመለከቱታል፣ ገና ፈገግ እንዳሉ። ከኋላቸው ርሆቦት ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም።

«ጋሼ? ይሰሙኛል?»

«ትንሽ ታገሽኝ» አለና ዘጋው።

ርሆቦት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «መሥመሩ እውነት ይቆረጣል?»

«ዛሬውኑ።»

«የትናንቱን ውጤት ገና አልላክንም እኮ። የመራዊዎቹ ዛሬ ነው የሚፈልጉት።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ካሜራው ጠፍቶ ማታ ሌባ ቢገባስ? አልሰጥም።»

አንዳርጋቸው ሽቦውን በዓይኑ ከቀዳዳው ተከተለና በአገጩ ራውተሩን አመለከታት። «ቁልፍ አያስፈልግሽም። ያንን ግራጫውን ሽቦ ከዚያ በኩል ንቀይው።»

ርሆቦት ሄዳ ነቀለችው። አቶ ሀብተ ሥላሴ ቁልፉን እንደጨበጡ ቀሩ።

«ኪሩቤል ሲመጣ ቃሉን ይቀይር» አላት አንዳርጋቸው። «ከዚያ በፊት እንዳትሰኩት። ቢሰካ ያው ነው።»

«እሺ ጋሼ። እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ወደ በረንዳው ወጣ፤ ለሀኒ ደወለላት።

«አሁን ተመልከቺ።»

ከወዲያ ጫፍ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ተሰማ። «ቆሟል» አለች። «ጸጥ ብሏል። ተስማሙ እንዴ? ልተወው ወይስ ልላከው?»

ሐይቁን አየ። አንድ ሰው በታንኳ ላይ ቆሞ እንቦጩን በዘንግ እየገፋ መንገድ ይፈልጋል፤ በገፋው ቁጥር ከኋላው ይገጥምበታል።

«ተይው» አለ አንዳርጋቸው። «አውጪው ከዝርዝሩ።»

«እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?» አለች ሀኒ።

«ሽማግሌ ናቸው» አለና ዘጋ።

ከኋላው እግር ሰማ። ውስጥ ርሆቦት ምን እንዳለቻቸው አያውቅም፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ግን ጋውናቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘው ነበር የወጡት። ፈገግታው የለም።

«ስማ እስቲ። ለአለቃህ ምን አልሃት? ከሰስኸኝ?»

አንዳርጋቸው ስልኩን ይመለከታል።

«ሰው ሲጠይቅህ እኮ መልስ ይሰጣል። መሥመሬ ሊቆረጥ ነው ወይስ አይደለም?»

አንዲት ቃል ነበረች። ለሀኒ «ተይው» ብሏታል፤ ደግሞ መናገር ምንም አያጎድልበትም። አፉን ሊከፍት ሲል የሽማግሌውን እጅ አየ፤ ማተባቸውን እየጎተቱ፣ ቁልፉን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ነው። እንዲህ ሲቁነጠነጡ አይቷቸው አያውቅም። አፉን መልሶ ዘጋው።

«በሽተኞች ውጤት ይጠብቃሉ» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ለእኔ ስትል አይደለም፣ ለእነሱ። ቁርጡን ንገረኝና ግራ ቀኙን ልይ።»

አንዳርጋቸው ስልኩን ኪሱ ከተተ። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋ። ከበረንዳው ወረደ።

«አቶ አንዳርጋቸው» አሉ ከኋላው።

አንድ ባጃጅ ቀስ ብሎ አጠገቡ ቆመ፣ «ፋሲሎ ነው፣ አንድ ሰው» እያለ። በእጁ አሳለፈው። አስፋልቱን ተሻገረና በእግሩ፣ ወደ ኋላው ሳያይ፣ በዘንባባዎቹ ሥር መንገዱን ቀጠለ።