የሟቿ ሽፋሽፍት

«እስቲ መልሰህ አሳየኝ» አለች ጃኒን ኮቫል።

ትሬቨር ኮምፒዩተሩን በሲኒማው የፈንዲሻ መሸጫ ባንኮኒ ላይ ወደ እርሷ አዞረና ትዕይንቱን ከመነሻው አስጀመረው። ግራጫው ሐይቅ፤ የጀልባ ማቆሚያው፤ በሳንቃው ላይ በጀርባዋ የተዘረረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ፤ አንገቷን ያለበሰው፣ ከበቆሎ ሽሮፕና ከቀይ ቀለም የተበጠበጠ ደም። ካሜራው ወደ ፊቷ ተጠጋ። ልጅቷ ሰማዩ ላይ እንዳፈጠጠች ትዕይንቱ አለቀ።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«ዓይኔ ነዋ። ያርገበገብኩት።»

ትሬቨር ጥያቄውን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ፈገግ አለ። የሚሠራው የቆዩ ርካሽ አስፈሪ ፊልሞችን ከጭረትና ከእድፍ አጽድቶ ዳግም ለገበያ ለሚያወጣ ድርጅት ነበር። «አጠፋነው» አላት። «ለእሷ ብቻ ባለሙያዎቻችን ስንት ቀን ለፉ መሰለዎት። ከእንግዲህ ማንም አይስቅብዎትም፣ ወይዘሮ ኮቫል።»

«ስቀውብኛል ብሎ ማን ነገረህ?»

ትሬቨር ኮምፒዩተሩን ከደነው።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ የተወነችበት «ቀዩ መቅዘፊያ» መናኛ ፊልም መሆኑን ከጃኒን የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ የጥርስ ሐኪም በቆጠበው ገንዘብ፣ በዚሁ በፔንስልቬንያ ኮረብታዎች መካከል፣ የመጸው ብርድ አጥንት እየሰበረ፣ በጋ ነው ተብሎ የተቀረጸ ነው። ተዋናዮቹ ሲናገሩ ከአፋቸው ጉም ይወጣል፤ የገዳዩ ጫማ ከትዕይንት ትዕይንት ይለዋወጣል። ይህስ ይሁን። የከፋው ነውሩ ሌላ ነበር፦ ሴቶቹን ልጆች ፊልሙ ራሱ ያራቁታል፤ ስለ ተራቆቱ ደግሞ ራሱ ይገድላቸዋል። ጃኒን የተገደለችው አንድ ልጅ ስለ ሳመች ነው። አባቷ ፊልሙን ያየ ዕለት ከገበታ ተነሥቶ ወጣ፤ እስከ ገናም አላናገራትም። የፈረደው ፊልሙ፣ ቅጣቱን የተቀበለችው እርሷ።

ያን ፍርድ የሻረላት የዓይኗ መርገብገብ ነበር። የሐሰቱ ደም ጣፋጭ ስለ ነበረ ተርቦች ፊቷን ወረሩት፤ ጓደኛዋ ሮንዳ ከካሜራው ዕይታ ውጪ አጎንብሳ እፍ እያለች ስታባርርላት የሟቿ ሽፋሽፍት ተርገበገበ። መቅረጫ ፊልሙ አልቆ ነበርና ስሕተቱ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ፣ ሰው መኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ በሜዳ ላይ ፊልም የሚያይበት የሜርል የመኪና ሲኒማ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ በመዝጊያው ቅዳሜ፣ ይህንኑ ፊልም ያሳያል። ሟቿ ዓይኗን ስታርገበግብ በሜዳው ላይ የቆመው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከየመስኮቱም «እንደምን አደርሽ፣ ጃኒን!» ይባላል። በምትሠራበት የትምህርት ቤት ምግብ ቤት የተሰለፉት ተማሪዎች እንኳ ሳህናቸውን እየዘረጉ እንዲሁ ይሏታል። ልጆቹ የሚመጡት ለመፍራት ብቻ እንዳልሆነ ጃኒን ከተረዳች ቆይታለች፤ ፍርሃቱ ውሸት መሆኑን በአንድ ድምፅ ሊመሰክሩ ነው የሚመጡት። ሮንዳ አሁን በሕይወት የለችም። ትንፋሿ የቀረው እዚያች ቅጽበት ውስጥ ነበር።

የሲኒማው ባለቤት ሜርል ለዚያ ምሽት የመዝጊያ ትርዒት የሚሆን የበረዶ ባልዲ ታቅፎ ገባ።

«ሜርል፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ቅጂውን በነፃ ላኩልኝ፤ የድሮውን ደግሞ የማሳያ ማሽኑ አኝኮ ጨርሶታል። ምን ላድርግ? ሌላ ሰው እኮ በዚህ ዕድሜው ፊቱ ሲታደስለት ያመሰግናል።»

«እንግዲያው ከራስ ቅልህ ይጀምሩልሃ።»

«እዚያ ላይ ምን የሚታደስ ጠጉር አለ ብለሽ፣ ጃኒ።»

«አልቀለድኩም።» ወደ ትሬቨር ዞረች። «ስማ ልጄ፤ የገዳዩን ጫማስ አስተካከላችሁት?»

«እሱን እንኳ... ጊዜ አልበቃንም።»

«አየህ። የእሱን ጉድ ትታችሁ የእኔን ሕይወት አጠባችሁ። ፊልሙ ሊገድለኝ ሞክሮ ያቃተውን እናንተ ጨረሳችሁለት።»

«እኛማ ተመልካቹ እርስዎ በእውነት የሞቱ እንዲመስለው ብለን እኮ ነው።»

«እኔም የምልህ ይህንኑ ነው።»

ሜርል ባልዲውን አስቀመጠ። «ይልቅ ከመጀመሩ በፊት በማይክሮፎን ሁለት ቃል በይልን። እንደ አዲስ ሆኗል በይና በቃ።»

«አልልም» አለችና ወጣች።

መኪናዋ ከፊተኛው ረድፍ፣ ፊልሙ ከሚታይበት ሸራ ትይዩ ቆማለች። ሲጨላልም ሬዲዮውን ከፈተች፤ የፊልሙ ድምፅ የሚሰማው በእርሱ ነውና መጀመሪያ የመጣው የሜርል የዘወትር ማስጠንቀቂያ ነበር፦ «የፊት መብራት ሸራው ላይ የለቀቀ፣ እናቴም ብትሆን ከሜዳው ትወጣለች።» ጃኒን በልጅነቷ በሩ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ስንቱን ሾፌር በዚህ ተቆጥታለች፤ በመኪና ሲኒማ ከዚህ የባሰ ብልግና የለም።

ትዕይንቱ ደረሰ። በየመኪናው ውስጥ እጆች ጥሩምባ ላይ አረፉ። ካሜራው ወደ ፊቷ ተጠጋ፤ ፊቱ ጥርት ብሎ፣ አንዳች ጭረት ሳይኖርበት፣ እንደ ሰም ደርቆ ቀረ። ከኋላ አንድ ጥሩምባ መነፋት ጀመረና ድምፁን ዋጠ። አጠገቧ ከቆመው ፒካፕ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «አልነቃችም እኮ» ስትል ተሰማት፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

ጃኒን እጇን ሰድዳ የፊት መብራቱን አበራች፤ ወዲያው አጠፋችው። ነጩ ብርሃን የልጅቷን ፊት ሸፍኖ መልሶ ገለጠው፤ ልክ እንደ ዓይን።

«የፊተኛው ረድፍ፣ መብራት!» አለ ሜርል በሬዲዮው።

ከኋላ አንድ ጥሩምባ መለሰለት፤ ቀጥሎ ሌላ።

ያ ፊት በፊልሙ መጨረሻ፣ አስከሬኖቹ ሲገኙ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደሚመለስ ጃኒን ታውቃለች። እጇን ከማብሪያው ላይ አላነሳችም።