የጋለ ዘይት

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ወደ ባምቢስ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ጀርባ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው አትታይም። ከፊቷ ሕንጻው፣ በግራና በቀኟ የጎረቤት ግንብ፣ ከኋላዋ ደግሞ ልደትና እናቷ የሚኖሩባት አንድ ክፍል ቤት ከበዋታል። የቀኝ ክንፏ ጫፍ ግንቡን ሊነካ ትንሽ ስለቀረው በዚያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ማለት አለበት።

አውሮፕላኗን ያመጧት የልደት አጎት አቶ ቸሩ ናቸው። የቴክኒክ ማሠልጠኛ ሲከፍቱ መብረር ያቆመች ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ገዙና፣ ክንፎቿን አስፈትተው በከባድ መኪና አስገቧት። ያኔ ግቢው ከፊት ለፊት ክፍት ነበር። በኋላ ለኪራይ የሚሆነውን ሕንጻ ሲያስገነቡ፣ ለመግቢያ የተረፈው ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ሆነ። አውሮፕላኗ ተቆራርጣ ካልሆነ በቀር ከዚያ ግቢ እንደማትወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ወሬውን የሚያነሣው ግን የለም።

ልደት የዚህ ማሠልጠኛ አስተማሪ ነበረች። አባቷ ሲሞት አጎቷ እሷንና እናቷን ወይዘሮ አስቻለችን አምጥተው ጓሮ አስጠጓቸው። ልደትን አስተማሯት፤ በአውሮፕላን ጥገና ዲፕሎማ እስክትይዝ ድረስም ሳይሰለቹ ከፈሉላት። በተመረቀች ሰሞን፣ «ሌላ ሰው እስካገኝ ለጊዜው እዚሁ አስተምሪ» አሏት። ያ ጊዜ አላልቅ አለ። ሥራ ልፈልግ ባለች ቁጥር «ይሄ ዙር ይመረቅና» ይሏታል። ዙሩ ሲመረቅ ሌላው ተመዝግቦ ይጠብቃታል። እሷ በምታገኘው ደሞዝ የሚያስተምር ሌላ ባለሙያ እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቁታል። እምቢ እንዳትል ደግሞ አጎቷ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድም ቀን ተቆጥተዋት አያውቁም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

የምትወደው ትምህርት ዘይትና የዘይቱን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ መቀየር ነው። በዚህ ስሟ የታወቀ ነበር። ከሞተሩ ሥር ነጭ አንሶላ ታነጥፋለች፣ ነጭ ጋውኗን ትለብሳለች፣ ኮፋኖውን ከፍታ ትጀምራለች። ከማፍሰሻው ላይ ቀጭን ጎማ ሰክታ ዘይቱን ወደ ባልዲ ታወርዳለች። ፊልትሮው ሲፈታ የሚወርደውን ለመያዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ሰያፍ ቆርጣ ከሥሩ ታስገባለች። ከዚያ ፊልትሮውን በቀስታ እያዞረች ወደ ጠርሙሱ አጋድላ ታወጣዋለች። አንሶላው እንደተነጠፈ ነጭ ሆኖ ይታጠፋል። «ጠብታ ካየሁ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ» ስትል ተማሪዎቹ ይፈሯታል።

ግን ዘይቱ ያው የድሮው ዘይት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጎረቤት በጩኸቱ አቤት ስላለ ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የወረደውን ዘይት በጨርቅ አጥልላ መልሳ ትሞላዋለች፤ ፊልትሮውንም ጠርጋ መልሳ ታስረዋለች። አዲስ ዙር ሲመጣ ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ፊልትሮ።

አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዋ ፋኑኤል ደውሎ መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ቀጠራት። ቦሌ፣ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ሃንጋር ውስጥ ከተቀጠረ ቆይቷል። ጓንቲ ለብሶ እየፈራ ዘይት ሲያወርድ የምታስታውሰው ልጅ አሁን ትከሻው ሰፍቶ፣ የኤርፖርት መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው።

«ቲቸር፣ ማለቴ... እኛ ጋ ሰው ይፈልጋሉ» አላት። «አለቃችንን ሙክታርን ስላንቺ ነግሬያቸዋለሁ። ዘይት ቅያሬ ላይ እንደሷ ንጹሕ እጅ የለም ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ ነይና በቃ፣ አንድ ቅያሬ ሠርተሽ አሳዪያቸው።»

ልደት ማኪያቶዋን ስታማስል ቆየች። «አጎቴስ?» አለች በመጨረሻ።

ፋኑኤል መታወቂያውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። እሱም የተማረው እዚያው ግቢ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቷም ሳትናገር፣ ጋውኗን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሃንጋሩ ስትደርስ ዘይቷ የሚቀየረው አውሮፕላን ገና ከበረራ መመለሷ ነበር። ሞተሯ ይግላል። ሙክታር ጠና ያሉ፣ ቃላት የማያባክኑ ሰው ናቸው። «ጀምሪ» አሏትና እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

ልደት ዘይት በሙቀቱ ሲወርድ ቆሻሻውን አንሥቶ እንደሚወጣ ለስንት ተማሪ በሰሌዳ ላይ ጽፋለች። በእጇ ግን ሠርታው አታውቅም። ማፍሰሻውን ስትከፍተው የለመደችው፣ እንደ ማር እየተጎተተ የሚወርደው ዘይት አልነበረም፤ እንደ ውኃ ተወርውሮ ወጣና ባልዲው ውስጥ ተንቦጫረቀ። እሱን እንደምንም ያዘችው። ፊልትሮው ግን በደንብ ጠብቆ የታሰረ ነበር፤ በመፍቻ ታግላ ስታላቅቀው፣ ጠርሙሱን ገና ሳታስተካክል ዘይቱ ጥግ ጥጉን ወረደ። ጣቷን ፈጃት። እጇን ስትሰበስብ ጠርሙሱ ወደቀ፣ ፊልትሮውም ተከተለው። የፊተኛው ጎማ፣ ወለሉ፣ ጋውኗ፣ ጫማዋ፣ ሁሉም ዘይት ሆነ።

ፋኑኤል ጨርቅ ይዞ ሲሮጥ ሙክታር በዓይናቸው አስቆሙት። ልደት ተንበርክካ ራሷ ጠረገች።

«የምታስተምሪበት አውሮፕላን ሞተሯ ይነሣል?» አሏት ሙክታር።

«አይነሣም።»

«ገባኝ። እጅሽ ሥርዓት አለው፤ ሙቀት ግን አያውቅም። ለቅያሬ የሚገባ ሌላ አውሮፕላን አለ፣ ፋኑኤል ይደውልልሽ። መምጣትና መቅረት ያንቺ ፈንታ ነው።»

በታክሲ ስትመለስ ጋውኑን ፌስታል ውስጥ ደብቃዋለች፤ ጫማዋን ግን መደበቅ አልቻለችም። በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ስትገባ አጎቷ ከወዲያ ጫፍ እየመጡ ነበር። መተላለፍ ስለማይቻል እሷ ወደ ኋላ ተመልሳ አሳለፈቻቸው። አቶ ቸሩ ጫማዋን አዩ።

«ዘይት ነክቶሻል» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ትምህርት አልነበረንም።»

አንዱን እግሯን ከሌላው ኋላ አደረገች። እሳቸውም ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ትከሻዋን ነካ አድርገው ወጡ። ማታ በሠራተኛ አንድ ኪሎ ሥጋ ላኩላቸው። ወይዘሮ አስቻለች «እግዜር ይስጠው፣ ምን አስቦ ይሆን?» እያለች ከተፈችው። ልደት ሳትቀምስ ተኛች።

በማግስቱ እሑድ እናቷ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ልደት ተነሣች። የአውሮፕላኗን ዘይት አወረደችና በአሮጌ ድስት አድርጋ ከሰል ላይ ጣደችው። በአንድ አነስ ያለ እንጨት እያማሰለች፣ እንዳይነድባት እየፈራች፣ ጭሱ ብቅ ሲል አወረደችው። ከዚያ የጋለውን ዘይት ወደ ሞተሩ መለሰችው፤ ሞተሩን እስኪያግለው ትንሽ ጠበቀችና ማፍሰሻውን ከፈተች። አሁንም ተወርውሮ ወጣ። አንሶላው ጠቆረ። እንደገና ጣደችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ሳለች እናቷ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው የምታንጨረጭሪው?»

«ዘይት ነው፣ እማዬ።»

«ይሄማ የምግብ አይደለም።»

ልደት መዋሸት ደከማት። ሃንጋሩን፣ የፈሰሰውን ዘይት፣ ሙክታር ያሏትን ሁሉ ነገረቻት። ወይዘሮ አስቻለች የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ባያስጠጋን የት እንወድቅ ነበር?» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ቅር ይለዋል፣ ልደትዬ። አይናገርም እንጂ ቅር ይለዋል። እኔ ደግሞ ፊቱን እያየሁ ነው የምኖረው። አንቺ ጠዋት ትወጪያለሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

«እኔስ የት ወጥቼ አውቃለሁ? ከዚህ በር ወጥቼ እዚህ አውሮፕላን ሥር ነው የምውለው። ያስተማርኳቸው ሁሉ ሄዱ። ትናንት ፋኑኤል ፊት ተንበርክኬ ወለል ስጠርግ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ቢያንስ ይሄ ወለል ሌላ ወለል ነው አልኩ።»

እናቷ ተነሥታ ነጠላዋን አወለቀችና ቤት ውስጥ ሰቅላ ተመለሰች። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ጠርሙሱን ልያዝልሽ» አለች።

«አይሆንም፣ ብቻዬን ነው መልመድ ያለብኝ።»

«እንግዲያው ድስቱን እኔ ላሙቀው። አንቺ እሳት አታውቂም፤ ታቃጥይዋለሽ።»

ያን ዕለት እናት እያሞቀች ልጅ እያወረደች ዋሉ። ልደት መጣደፏን ትታ ማሰብ ጀመረች። መፍቻውን ከማንሣቷ በፊት ፊልትሮውን ከአናቱ በሚስማር ብትበሳው አየር ገብቶ ውስጡ ያለው ዘይት ቁልቁል ወደ ሞተሩ እንደሚመለስ አንድ ቦታ ማንበቧ ትዝ አላት። ከመደርደሪያ ሥር የተጣለ አሮጌ ፊልትሮ አምጥታ የጋለ ዘይት ሞልታ አሰረችና ሞከረችው። በሳችው፣ ቡና ፈልቶ እስኪሰክን ያህል ታገሠች፣ ከዚያ ጠርሙሱን አጥብቃ አስጠግታ ፈታችው። ጥቂት ጠብታ ብቻ ወረደ፤ እሱንም ጠርሙሱ ተቀበለው። እናቷ አንሶላውን ጎንበስ ብላ አየችና «አሁን ጸዳ» አለች። ፊቷ ግን አልፈካም።

ፋኑኤል ሲደውል ሄደች። ሞተሩ የጋለ ነበር፤ ፊልትሮውን ከአናቱ በስታ ዘይቱ እስኪወርድ ጠበቀችና ፈታችው። አዲሱን ፊልትሮ አስራ ስትጨርስ ሙክታር በጣታቸው ሥሩን ዳሰሱ፤ ጣታቸውን አዩት። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ ሲጠፋ ደግመው ዳሰሱ።

«ወር ሲገባ ጀምሪ» አሏት።

ለአጎቷ በዚያው ቀን ቢሯቸው ገብታ ነገረቻቸው። አቶ ቸሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይሄ ዙር ይመረቅና» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄንን ብዙ ጊዜ ብለውኛል።»

«ልጅ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። ይሄ ትምህርት ቤት፣ ይሄ ሕንጻ፣ ነገ የማን ይሆናል ብለሽ ነው? ያንቺው ነው እኮ። የራስሽን ትተሽ ሰው ጋ ተቀጣሪ?»

ይህንን አልጠበቀችም ነበር። ተቆጥተው ቢሆን የምትመልሰውን አጥንታ ነው የመጣችው። በመስኮቱ አውሮፕላኗ ትታያለች፤ አንድ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ከክንፏ ሥር አለፈ። ሰጡኝ ብላ እሺ ብትል ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ መስኮት ሆና ያንን ክንፍ ስታይ ልትኖር ነው። እምቢ ብትል ደግሞ ያሳደጓትን ሰው እጅ መግፋት ነው። ከወንበሩ ተነሥታ ቆመች።

«ያደረጉልኝን አልረሳም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጠነባት። «ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣሁ አስተምራለሁ፣ ክፍያም አልፈልግም። ግን እሄዳለሁ፣ ጋሼ።»

አቶ ቸሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ፊታቸው የነበረውን ጋዜጣ ገለጡ። ልደት ጥቂት ቆማ ወጣች።

ወር ሲገባ ጀመረች። አጎቷ ሌላ አስተማሪ ቀጠሩ፤ ጡረታ የወጣ፣ ከእሷ እጥፍ የሚከፈለው። ለእሷ ሰላምታቸው ቀረ። ጠዋት በመተላለፊያው ሲገናኙ አሁን ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያሳልፏት እሳቸው ሆኑ፤ ዓይናቸውን ግን ግንቡ ላይ ያደርጋሉ። ቅዳሜ ለማስተማር ስትመጣ ክፍሉ ተቆልፎ ታገኘዋለች። እናቷን «ከዚህ እንውጣ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ክፍል አይቻለሁ» ብትላት፣ ወይዘሮ አስቻለች «ወንድሜን ጥዬ?» አለችና ነገሩ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ልደት ቀን ሃንጋር፣ ማታ እዚያው ጓሮ ነበረች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ አቶ ቸሩ ከአውሮፕላኗ አጠገብ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው አገኘቻቸው። እንደ ወትሮው አንገቷን ሰብራ ልታልፍ ስትል፣ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሯት።

«የምትሠሪያቸው ይበርራሉ?»

ቆመች። «ይበርራሉ። ትናንት የሠራኋት ዛሬ ጎሬ ሄዳ ተመለሰች።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ጠዋት ነው የተነሣችው፣ ጋሼ። ሳይዘንብ።»

አቶ ቸሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሌላ የሚሉ መስሏት ጠበቀች፤ እሳቸው ግን ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ሕንጻው ገቡ። ልደትም እናቷ መብራት ወዳበራችበት ክፍል ሄደች።